የሁዳዴ ወተት

ሰው በአረቄ ሲታማ ሰምቻለሁ። በጫት ሲታማም አይቻለሁ። በወተት ታምቶ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ሊመክረው ቤቱ ድረስ የመጣበት ሰው ግን በደሴ ከተማ ከኔ በቀር ያለ አይመስለኝም። ካለም እንገናኝና እንጽናና።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። እኔ ጴንጤ ነኝ። ባለቤቴ ብርቄ የኩታበር ገበሬ ልጅ ናት፤ ኦርቶዶክስ ቤት ተወልዳ፣ ስንጋባ ወደኛ ጸሎት ቤት መጣች። "መጣች" የምለው እኔ ነኝ። አባቷ ጋሽ ይመር የሚሉት "ወሰዳት" ነው። ሠርጋችን ላይ አልተገኙም። ከዚያም በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ ስሜን ጠርተው አያውቁም፤ የግድ ሲሆንባቸው "ያ ሰውዬ" ይላሉ። ብርቄ ትደውልላቸዋለች፣ ስለ ዝናቡና ስለ ከብቱ ያወራሉ፣ እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ "ሰላም በይልኝ" የሚል ቃል እጠብቃለሁ፣ ስልኩ ይዘጋል። ከዚያ ብርቄ ጓዳ ገብታ ትቆያለች። ለምን እንደምትቆይ አውቃለሁ፤ ግን ተከትያት ገብቼ ምን እላታለሁ?

ይህንን ቂም የሰበረው ሽማግሌ አይደለም። ቄስም ፓስተርም አይደለም። ላም ናት።

ጋሽ ይመር ሸጊት የምትባል ላም አለቻቸው። ታዲያ ዘንድሮ ሸጊት ወተቷ ሞልቶ ሲፈስ ሁዳዴ ገባ። ሰው ይጾማል፣ ላም አትጾምም። ቤተሰቡ ይጾማል፣ ጎረቤቱ ይጾማል፣ ወተቱ ግን ጠዋት ማታ ይታለባል። ቅቤ ይናጣል እንጂ ትሉኝ ይሆናል። ይናጣል፤ ግን በዚያው ሰሞን የብርቄን ማርገዝ ሰሙ። አያት ሊሆኑ ነው። ጋሽ ይመር ለባለቤታቸው እንዲህ አሉ አሉ፦

"ልጄ ነፍሰ ጡር ናት። ያ ሰውዬም እንደሁ አይጾም። ወተቱ ለነሱ ይሂድ።"

አለመጾሜ ለመጀመሪያ ጊዜ በአማቼ ዘንድ ጥቅም አገኘ።

ወተቱን የምታመጣው የጋሽ ይመር ጎረቤት እትዬ ዘይነባ ናት። ሰኞ ሰኞ ለደሴ ገበያ ስትመጣ መጀመሪያ ቧንቧ ውሃ ሰፈር እኛ ቤት ጎራ ትልና በወይራ የታጠነ ትልቅ ቅል ታስቀምጣለች። የመጀመሪያው ሰኞ ከቅሉ ጋር መልእክት ነበረ።

"ጋሽ ይመር እሳት እንዳታስነኩት ብለዋል። የሸጊት ወተት ከፈላ ሸጊት ትነጥፋለች ነው የሚሉት። ወላሂ እኔ የለሁበትም፣ የተላክሁትን ነው የምናገር" አለች።

ማታውን ስልክ ተደወለ። ብርቄ አነሳች፣ ሰማች፣ ከዚያ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ስልኩን ሰጠችኝ።

"እንዴት ነህ ልጄ?" አሉኝ ጋሽ ይመር።

ልጄ! ከ"ያ ሰውዬ" ተነስቼ በአንድ ቅል ወተት "ልጄ" ደረስኩ። ደስታው ምላሴን ፈታው።

"ደህና ነኝ አባባ! እግዚአብሔር ይመስገን!"

"ጠጣችሁት?"

"ጠጣነው አባባ!"

"ጥሬውን?"

"ጥሬውን! ብርቄም እኔም! እንዴት ይጣፍጣል መሰለዎት!"

ቅሉ ገና አልተከፈተም ነበር።

በማግስቱ ብርቄን ለእርግዝና ክትትል ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ሲስተሯ የሚበላውንና የማይበላውን ስትዘረዝር ወተት ላይ ደረሰች። "ጥሬ ወተት አይሆንም። ካልፈላ ወተት የተሠራ እርጎም አይሆንም። ለጽንሱ አደገኛ ነው። በደንብ አፍልታችሁ፣ ወይም ፓስቸራይዝድ የሆነውን ግዙ፤ እሱ ፋብሪካ ውስጥ በልኩ ሞቆ ጀርሙ የተገደለ ነው" አለች።

"ሲስተር፣ የኛ ግን በወይራ የታጠነ ነው" አልኩ በኩራት።

"ወይራው ያጣፍጠዋል። ማፍላትን ግን አይተካም።"

ቤት እንደገባን ብርቄ ድስት አነሳች። እኔ ድስቱን ያዝኩ።

"አባትሽ ቢጠይቁኝስ?"

"አፈላነው በላቸዋ!"

"ላሚቱ ብትነጥፍስ? ላም በራሷ ጊዜም ትነጥፋለች እኮ። በኔ ነው የሚመካኘው! ሃይማኖቷን ወሰደ፣ አሁን ደግሞ ላሜን አደረቀ ይሉኛል!"

ብርቄ ትክ ብላ አየችኝ። "እንግዲያው አንተና አባቴ ተጨራረሱ። እኔና ልጄ እሳት ያልነካው አንጠጣም" ብላ ድስቱን ለቀቀችልኝ።

እዚህ ላይ ብልህ ሰው ምን ያደርጋል? ያፈላል፣ ዝም ይላል። ወይም ደፍሮ ይናገራል፤ ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ብለዋል የቀደሙት። እኔ ግን ሦስተኛ መንገድ አገኘሁ። ውሸት ኃጢአት ነው። "ጥሬውን ጠጣን" ብያለሁ። ስለዚህ ውሸቴን በግማሽም ቢሆን እውነት ለማድረግ እኔ ጥሬውን መጠጣት አለብኝ! ለመሆኑ ወተትና ማር ስለምታፈስ ምድር ስንት ስብከት ሰምቻለሁ? ወተቱ ይፈላ አይፈላ የነገረኝ ሰባኪ ግን የለም። ለብርቄ ከሱቅ የላስቲክ ወተት ገዛሁላት፤ እኔ ቅሉን አቅፌ ቁጭ አልኩ።

አልዋሽም፣ ይጣፍጣል። ሰኞ ወተቱን፣ ከማክሰኞ ጀምሮ የረጋውን፣ እስከ ሐሙስ ድረስ እጠጣለሁ። ሆዴ ከብርቄ ሆድ ጋር ውድድር የገባ መሰለ።

በሦስተኛው ሰኞ እትዬ ዘይነባ ከወትሮው ቀድማ ከተፍ አለች። ገና ያልተከፈተ የላስቲክ ወተት ወንበሩ ላይ ነበር። ይህች ሴት ያየችውን ሁሉ ኩታበር ድረስ ይዛ እንደምትሄድ አውቃለሁ፤ ምንም አትጨምርም፣ ምንም አትቀንስም። ምን ላድርግ? ተቀመጥኩበት።

"ደህና ከረማችሁ?" አለች።

"አልሐምዱሊላህ" አልኩ ከድንጋጤ የተነሳ፣ እኔ ጴንጤው።

ላስቲኩ ችሎኝ ነበር፤ ለሰላምታ ትንሽ ከፍ ብዬ ስመለስ ግን ፈነዳ። ቀዝቃዛ ነገር ከሱሪዬ ሥር ገብቶ በወንበሩ እግር መውረድ ጀመረ። እትዬ ዘይነባ ነጩን ጅረት አየች፣ እኔን አየች፣ እንደገና ጅረቱን አየች።

"አንተ ልጅ፣ ጤነኛ ነህ?"

"ወተቱ... በጣም ስለበዛ ነው" አልኳት። ምን ማለቴ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። እሷም አልጠየቀችኝም፤ ቅሏን አስቀምጣ እያየችኝ ወጣች።

ከዚያን ቀን ወዲህ ባዶ ላስቲክ እቤቴ እንዲገኝ አልፈቀድኩም። ማልጄ ተነስቼ በጥቁር ፌስታል እቋጥራለሁ፣ ጃኬቴ ውስጥ ከትቼ ሦስት ሰፈር አቋርጬ እጥላለሁ። ጎረቤታችን ወንድም ታምራት የጸሎት ቤታችን ሽማግሌ ነው፤ ለማለዳ ጸሎት ሲወጣ ሦስት ቀን በተከታታይ አየኝ። በአራተኛው እቤቴ መጣ። ሻይ አልፈልግም አለ። መሬት መሬት እያየ፦

"ወንድሜ፣ እስራት ካለ በጸሎት ይፈታል። ሁላችንም ደካሞች ነን። ጠርሙሱን አምጣው" አለኝ።

ፌስታሉን አምጥቼ ፈታሁለት። ላስቲኮቹን አንድ በአንድ አገላብጦ አሸተተ።

"ወተት ነው?"

"ወተት ነው።"

"ታዲያ ለምንድን ነው የምትደብቀው?"

"አማቼን ፈርቼ።"

ወንድም ታምራት በአገልግሎት ዘመኑ እንዲህ ያለ ነገር አልገጠመውም። ቢሆንም ከመጣ አይቀር ብሎ የፍርሃትን መንፈስ ገሰጸልኝ። መንፈሱ ግን አልወጣም።

ወተቱ ሲበዛብኝ የተወሰነውን በሌላ ቅል ገልብጬ ለመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ ልውሰድ አልኩ። የምሠራው ኮምቦልቻ ነው፤ ጠዋት በሚኒባስ ወርጄ ማታ እመለሳለሁ። ቅሉን ጭኔ ላይ አድርጌ ውታፉን በአውራ ጣቴ ተጭኜ ተሳፈርኩ። የሐረጎን ቁልቁለት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ መንገዱ ሲጠማዘዝ ወተቱ ይናጣል፣ ወደ ታች ስንወርድ ሙቀቱ ይጨምራል። ሦስተኛው ጥምዝ ላይ ቅሉ እንደ ጥይት ጮኸና ውታፉ ጣራውን መታ። ወተቱ ከፊቴ የተቀመጡትን ሽማግሌ ከኮፍያቸው እስከ ወገባቸው አለበሳቸው።

"ቢስሚላህ!" አሉ። ከዚያ እጅጌያቸውን አሸተቱ። "ወተት! በወይራ የታጠነ! ማሻአላህ፣ ይሄን ካሸተትሁ ስንት ዘመኔ!"

የፋብሪካ ጋወን የለበሰች ሴት ፊቷን እየጠረገች "ፈልቷል?" ብላ ጠየቀች።

"አልፈላም" አልኩ።

"ጥሬ ነው የረጨኸን? አንተ ሰው ምን በደልንህ?"

ሾፌሩ ከፊት ሆኖ ጮኸ። "ኧረ ተይው! እኔ በጥሬ ወተት ነው ያደግኩት፤ ይኸው መኪና እነዳለሁ!"

"አነዳድህንማ እያየነው ነው" አለችው።

ሚኒባሱ ለሁለት ተከፈለ። ከኋላ ያሉት የጥሬ ወገን ሆኑ፣ ከመሃል ያሉት የፍል። አንዱ የላስቲክ ወተት ውሃ ነው ይላል፤ አንዷ ውሃም ቢሆን የፈላ ውሃ ነው ትላለች። አንዱ ደግሞ ላሟን ያላየኋትን ወተት አልጠጣም፣ ላም አለኝ በሰማይ ነው የሚሆንብኝ አለ። በመጨረሻ ሽማግሌው ሸሚዛቸውን እየጨመቁ ዞር አሉ።

"ጥሬ ጠጥቶ ያደገው ይኸው ተሳፍሮ ይመሰክራል" አሉ። "ጥሬ ጠጥቶ የቀረው ግን መጥቶ አይመሰክርም፤ ሀቂቃው ይሄ ነው።"

እኔም ባዶ ቅል ይዤ ሥራ ገባሁ። እንደዚያ ያለ ምክር ሰምቼ ማታውን እቤት የቀረውን ጥሬ ወተት የጠጣሁ ሰው ነኝና ከዚህ በኋላ የሚደርስብኝን ስትሰሙ አትዘኑልኝ።

ትኩሳቱ የጀመረኝ ቢሮ ውስጥ ነው። ጓደኞቼ በአንድ ድምፅ "የኮምቦልቻ ወባ ነው" አሉኝ። ደም ሰጠሁ፣ ወባ የለም። ደሴ ያሉት ደግሞ "ታይፎይድ ነው" አሉ፤ እኛ አገር ስሙ ያልታወቀ በሽታ ሁሉ ታይፎይድ ነው። ትኩሳቱ ይተወኛል፣ ይመለሳል። ላቡ አንሶላዬን ያጥባል። ጉልበቴና ወገቤ ተማክረው አንድ ቀን ሥራ አቆሙ፤ ከአልጋ ስነሳ ብርቄ እኔን ትደግፋለች፣ እርጉዟ። ወንድም ታምራት መጥቶ ጸለየልኝ። እትዬ ዘይነባ መጥታ "ዓይን ነው" አለች። ጋሽ ይመር ደግሞ በስልክ መድኃኒቱን ነገሩኝ።

"ወተት አንሶሃል! ሌላ ቅል እጨምርልሃለሁ!"

ጨመሩ። ጠጣሁ። ባሰብኝ። ብርቄ ቅሉን ልትደፋው ስትነሳ "ተይ፣ አባትሽ አሁን ገና ልጄ ብለውኛል" ብዬ ተንፏቅቄ ያዝኩባት። እሷ ግን በዚያው ቀን ደውላ "አባዬ፣ ባሌ ሊሞትብኝ ነው" አለቻቸው።

በማግስቱ ጋሽ ይመር ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ዱላቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆሙ። በሁለት ዓመት ውስጥ ቤታችንን ሲረግጡ የመጀመሪያቸው ነው። አንድ ጊዜ አዩኝና ምንም ሳይሉ ብብቴ ሥር ገብተው አነሱኝ። ባጃጅ ያስጠሩት እሳቸው፣ ሐኪም ቤት ወረፋ የያዙት እሳቸው ናቸው። ብርቄም ተከተለችን።

ሐኪሟ ወጣት ናት። ጉልበቴን ጫን ጫን አደረገች፣ ትኩሳቱ እንዴት እንደሚመላለስ ጠየቀችኝ፣ ከዚያ፦

"ጥሬ ወተት ትጠጣለህ?"

ጋሽ ይመር ቀደሙኝ። "እንዴታ! የኔን ላም ወተት ነው የሚጠጣ! በየሳምንቱ በቅል እሰዳለሁ!"

"ላሚቱ ጨንግፋ ታውቃለች አባት?"

ጋሽ ይመር ዱላቸውን ከቀኝ ወደ ግራ አዛወሩት።

"ለሰው አልተናገርሁም" አሉ ቀስ ብለው። "ዓይን በላት ይላሉ፣ ከብቴን ያሙብኛል ብዬ። አምናም፣ ካቻምናም ጥላለች።"

ሐኪሟ የጠረጠረችው በሽታ ላምን እንደሚያስጨነግፍ፣ ባልፈላ ወተት ወደ ሰው እንደሚተላለፍ አስረዳች። ከዚያ ዓይኗ ወደ ብርቄ ሆድ ዞረ። "አንቺስ ጠጥተሻል?" አለች።

የጋሽ ይመር ፊት አመድ ሆነ። ያንን ፊት አልረሳውም። "ጠጥታለች" አሉ። "ልጄ ጠጥታለች። እኔ ነኝ የሰደድሁላት። እሳት አታስነኩት ያልሁ እኔ ነኝ። ይሄ በየሳምንቱ ብርቄም ጠጣች እያለ ይነግረኝ ነበር..."

ስንት ሳምንት የፈራሁት ቃል አሁን እኔን ጥሎ ለመውጣት ቸኮለ።

"ዋሽቼዎት ነው አባባ! አንዲት ጠብታ አልቀመሰችም! የላስቲክ ወተት ነው የምትጠጣው። እኔ ነኝ የገዛሁላት፣ ላስቲኩንም እኔ ነኝ የደበቅሁት። ጥሬውን የጠጣሁት እኔ ብቻ ነኝ!"

ጋሽ ይመር ብርቄን አዩ። ብርቄ እውነቱን ነው ብላ ራሷን ነቀነቀች። ዱላቸውን ከፍ አደረጉት፤ እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። ዱላው ግድግዳው ላይ ሲደገፍ ሰማሁ፣ ከዚያ ሻካራ ጢማቸው ግንባሬ ላይ አረፈ። ሦስት ጊዜ ሳሙኝ።

"ተባረክ" አሉ። "ስለ ውሸትህ ግን ገና እንነጋገራለን።"

"እንዳይቀየሙኝ ብዬ ነው..."

"ላም ብትነጥፍ ሌላ ላም አለኝ። ብርቄ ስንት አለችኝ?" አሉና እንባቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። እኔም አለቀስኩ፤ ለሐኪሟ የጉልበቴ ሕመም ነው አልኳት። እሳቸው ላማቸውን ደብቀው፣ እኔ ላስቲኬን ደብቄ፣ መሃል ላይ ያልተወለደ ልጅ ልንጎዳ ምን ቀረን?

የብርቄ ምርመራ ንጹህ ሆነ። የኔ ግን ሐኪሟ እንዳለችው ነበር፤ ለስድስት ሳምንት የሚዋጥ ኪኒን ታዘዘልኝ፣ ያውም በውሃ እንጂ በወተት እንዳይሆን ተብዬ። የሸጊትን ደም የወረዳው የእንስሳት ሐኪም ወስዶ እስኪመረምር ወተቷ ከቤት እንዳይወጣ ተባለ። ከዚህ በኋላ ከየትኛዋም ላም ቢሆን ሳይፈላ አይጠጣም ብላ ሐኪሟ ስታስጠነቅቅ፣ ላሚቱ ትነጥፋለች የሚል ሰው አልተገኘም።

ጋሽ ይመር እኔ እስክነሳ ድረስ እኛ ቤት ሰነበቱ። እትዬ ዘይነባ ከሌላዋ ላም የታለበውን ወተት አመጣች፤ ድስቱን ለማንም አልሰጡም። "እናንተን አላምናችሁም" ብለው ራሳቸው ጣዱት። ሁዳዴው ገና አላለቀም። እንፋሎቱ ሲመጣባቸው ፊታቸውን ዞር እያደረጉ፣ እያማተቡ፣ ማማሰያውን ይዘው ምድጃው አጠገብ ቆሙ። እኔም ከብዙ ቀን በኋላ የምግብ ፍላጎቴ ተመልሶ ስኒዬን ይዤ ከጎናቸው ቆምኩ። ወተቱ ዳር ዳሩን ማጨስ ጀመረ።

"ይበቃዋል አባባ፣ ሞቋል እኮ" አልኩና ስኒዬን አስጠጋሁ።

እጄን በማማሰያው እጀታ ቸብ አደረጉት።

"አርፈህ ቁም! እኔ ሃምሳ አምስት ቀን ሙሉ ሳልቀምሰው እቆማለሁ፤ አንተ ጴንጤው አምስት ደቂቃ መጾም አቃተህ?"